ትርፉ ከየት ይመጣል? ገንዘብ እናበዛለን ስለሚሉ ሰዎች ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጽሕፈት ቤቱ የቀረበ። በሥራና በሕመም ምክንያት ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጆች እንዲያነቡላቸው እናሳስባለን።)



 ስለ መዋጮው፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሮቹ ገንዘብ ያዣችን ቀደም ብለው ገልጸውላችኋል። እኛ አሁን የምንናገረው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም በየቤታችን፣ በየሥራ ቦታችንና በየስልካችን እየገባ ስላለው፣ "ገንዘብህን ስጠኝና ላብዛልህ" ስለሚባለው ነገር ነው።

ጉዳዩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ ሦስት ጥያቄዎች ለጽሕፈት ቤታችን ቀርበዋል።

የመጀመሪያው፣ "ለነዋሪው የሥራ ፈጠራ ሥልጠና እንሰጣለንና አዳራሹን ፍቀዱልን" የሚል ነበር። ሥልጠናው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ሠልጣኙ ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ ይገዛል፣ ከዚያ ሌሎች ሰዎችን ያስገባል፣ ባስገባው ሰው ልክ ይከፈለዋል፣ ይኸው ነው። ሁለተኛው፣ አንዲት እናት ለልጃቸው ትምህርት ያጠራቀሙትን ብር በስልክ ለማያውቁት ሰው ልከው፣ "ማኅበሩ ያስመልስልኝ" ብለው መምጣታቸው ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ከራሳችን አባላት አንዳንዶቹ፣ "የእድሩ ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ምን ይሠራል? በወር ከመቶ 30 የሚከፍል ድርጅት አለ፣ እዚያ እናስገባው" የሚል ሐሳብ ለኮሚቴው አቅርበዋል። ኮሚቴው አልተቀበለውም። ያልተቀበለበትን ምክንያት ግን ለእናንተ ለባለ ገንዘቦቹ ማስረዳት ግዴታችን ነው።

ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ኑሮ መወደዱን ማንም አይክድም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሌላ በኩል ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። 7 በመቶ ማለት 10,000 ብር ዓመት ሙሉ ተቀምጦ 700 ብር ያስገኛል ማለት ነው። 700 ብር ዛሬ ገበያ ወጥቶ ምን ይዞ ይመለሳል? እንግዲህ ሰው ያለችውን ይዞ "ምን ላድርጋት?" ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። አጭበርባሪው የሚመጣውም ልክ በዚህ ጭንቀት በኩል ነው። ስለዚህ የተታለለውን ሰው ሞኝ ብለን እንዳንስቅበት። የተማረውም፣ ነጋዴውም፣ ጡረተኛውም ተታሏል።

የመጀመሪያው ስልት፤ የራስህን ገንዘብ ለራስህ መክፈል

ማንም ሰው "ገንዘብህን አበዛልሃለሁ" ሲላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። ትርፉ ከየት ይመጣል? አርሶ ነው? ሸምኖ ነው? ነግዶ ነው? አካባቢያችን የፋብሪካ ሰፈር ነው። ብዙዎቻችን በጨርቃ ጨርቁ፣ በብረታ ብረቱና በየመጋዘኑ ሠርተን አድገናል። ክር ገብቶ ጨርቅ ሲወጣ፣ ብረት ቀልጦ ዕቃ ሲሆን አይተናል። ትርፍ ከሥራ እንደሚወጣ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። እስቲ ሥራ የሌለበትን ትርፍ ደግሞ እንቁጠረው።

10 ሰዎች ለአንድ ሰውዬ እያንዳንዳቸው 10,000 ብር ሰጡ እንበል። 100,000 ብር ሆነ። ሰውዬው በወር ከመቶ 30 እከፍላለሁ ብሏል። ወሩ ሲደርስ ለእያንዳንዳቸው 3,000፣ በጠቅላላው 30,000 ብር ይከፍላል። 70,000 በእጁ ቀረ። በሁለተኛው ወር 30,000 ከፈለ፣ 40,000 ቀረ። በሦስተኛው ወር 30,000 ከፈለ፣ 10,000 ቀረ። አያችሁ? ሰውዬው ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ዕቃ ሳይሸጥ፣ አንድ ቀን ሳይሠራ፣ በሰዓቱ ከፍሏል። የከፈለውም የራሳቸውን ገንዘብ ነው።

ሰዎቹ ግን እንዲያ አይመስላቸውም። "9,000 ብር ትርፍ በልቻለሁ፣ ዋናው 10,000 ደግሞ እንዳለ አለልኝ" ነው የሚሉት። በዚህ ሦስት ወር ውስጥ እያንዳንዳቸው ለእህት፣ ለወንድም፣ ለጎረቤት፣ ለአበልጅ ያወራሉ። "እኔ ራሴ ተከፍሎኛል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ተከፍሏቸዋል። በዚህ ወሬ ሌላ 50 ሰው ይመጣል። አሁን የፊተኞቹ የሚከፈሉት በኋለኞቹ ገንዘብ ሆነ ማለት ነው። አዲስ ሰው መምጣቱ የቀነሰ ዕለት ሁሉም ነገር ይቆማል። ሰውዬውም ስልኩን ያጠፋል።

ስለዚህ "እገሌ ተከፍሎታል" የሚባለው ነገር ማስረጃ አይደለም። በዚህ ንግድ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ይከፈላል። ካልተከፈለ ሁለተኛው ሰው አይመጣማ።

ደግሞ ይህንን አስቡ። በወር ከመቶ 30 የሚባለው እውነት ቢሆንና ትርፉም ሳይነካ ቢቀመጥ፣ 10,000 ብር በ12 ወር ወደ 233,000 ብር ይደርሳል። በ2 ዓመት ደግሞ ከ5 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ንግድ በእጁ የያዘ ሰው ቃሊቲ መናኸሪያ በር ላይ ቆሎ ከምትሸጥ እናት 10,000 ብር ለምን ይለምናል? ከባንክ ተበድሮ፣ ወለዱን ከፍሎ፣ ሌላውን ሁሉ ለብቻው አይበላም ነበር? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኸ ነው።

ሁለተኛው ስልት፤ ሰው በሰው ላይ መከመር

ይህኛው ዕቃ ይዞ ይመጣል። የመድኃኒት ቅጠል፣ የጥርስ ሳሙና፣ የወገብ ማሰሪያ፣ የአንገት ሐብል፣ የስልክ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ዕቃው ገበያ ውስጥ ከሚሸጥበት ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ገዥው ግን ለዕቃው አይደለም የሚከፍለው። "አባል" ለመሆንና ሌሎችን ለማስገባት ነው። አምስት ሰው አስገባ፣ እነሱም እያንዳንዳቸው አምስት ያስገቡ፣ አንተ ከሁሉም ኮሚሽን ትበላለህ ይሉታል።

እሺ፣ እንቁጠር። በአናቱ ላይ 1 ሰው አለ። ከሥሩ 5፤ ከእነሱ ሥር 25፤ ከዚያ 125፤ ከዚያ 625፤ ከዚያ 3,125፤ ከዚያ 15,625፤ ከዚያ 78,125፤ ከዚያ 390,625። በ10ኛው ረድፍ 1,953,125 ሰው ያስፈልጋል። በ11ኛው ወደ 9 ሚሊዮን 800 ሺህ የሚጠጋ ሰው ያስፈልጋል፣ ይህም ከአዲስ አበባ ሕዝብ በላይ ነው። በ13ኛው ረድፍ ከ244 ሚሊዮን በላይ ሰው ያስፈልጋል። ሕፃንና ሽማግሌ ሳይቀር የኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ ቢገባ አይበቃም። እንግዲህ ይህ ነገር መቆሙ አይቀርም ማለት ነው። መቼ ይቆማል የሚለው ብቻ ነው የማይታወቀው።

በሚቆምበት ቀን ማን ይጎዳል? የመጨረሻው ረድፍ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ጥቂት ሰው አይደለም። ከላይ ያለውን ብትደምሩት፣ በማንኛውም ሰዓት ከ5ቱ ሰው 4ቱ ያለው ከታች ነው። እነሱ ሁሉ ከፍለዋል፣ ማንንም ግን ገና አላስገቡም። በባዕድ ቋንቋ ፒራሚድ ይሉታል። እኛ የእህል ክምር ብንለው ይገባናል፤ ከታች ሰፊ ነው፣ ከላይ ሹል ነው። ሸክሙን ሁሉ የሚሸከመው የታችኛው ነዶ ነው።

ዕቃ ማሻሻጥ ሁሉ ማጭበርበር ነው አላልንም። ሰው ዕቃ ተቀብሎ ቤት ለቤት እየዞረ ቢሸጥ የተከበረ ሥራ ነው። ልዩነቱን በዚህ ታውቁታላችሁ፦ "አንድም ሰው ሳላስገባ ዕቃውን ብቻ ሸጬ ልኖርበት እችላለሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "አይ፣ ሰው ካላመጣህ ገቢ የለህም" ከሆነ፣ የሚሸጠው ዕቃው አይደለም፣ ጎረቤታችሁ ነው።

ሦስተኛው ስልት፤ በስልክ የሚመጣው

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ ቀላል ሆኗል። ጥሩ ነገር ነው፤ ወረፋ ቀርቶልናል። ሌባውም ግን ወረፋ ቀርቶለታል። በቴሌግራም መልእክት ይመጣል። "ቤትህ ቁጭ ብለህ ሥራ፤ ይህን ቪዲዮ ተመልከት፣ ውደድ በል፣ ይከፈልሃል" ይላል። በእርግጥም የመጀመሪያው ቀን 100 ወይም 200 ብር ይልኩለታል። ልጁ ደስ ይለዋል። ቀጥሎ "ደረጃህን ለማሳደግ 2,000 አስገባ" ይሉታል፤ ያስገባል፣ ትርፍ ይታየዋል። ከዚያ 10,000፣ ከዚያ 50,000 ይሉታል። በስልኩ ላይ ገንዘቡ ሲያድግ ያያል። ያ ቁጥር ግን ገንዘብ አይደለም፤ እነሱ የጻፉት ቁጥር ነው። ላውጣ ሲል "መጀመሪያ ግብር ክፈል፣ ቀጥሎ የማስከፈቻ ክፈል" ይሉታል። ከፍሎም አያገኘውም።

አንዳንዱ ደግሞ ክሪፕቶ ወይም ቢትኮይን የሚባል ስም ይዞ ይመጣል። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. መግለጫ አውጥቶ፣ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በእንዲህ ዓይነቱ ገንዘብ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል።

"ዘመናዊ እቁብ ነው" ሲሏችሁ

አሁን አሁን ይህን ሁሉ "ዘመናዊ እቁብ" እያሉ ነው የሚያመጡት። እቁብን የምናውቀው እኛ ነን። 20 ሰው በሳምንት 1,000 ብር ቢጥል ዕጣው 20,000 ነው። የደረሰው ሁሉ 20,000 ይወስዳል፣ እስኪያልቅም 20,000 ይከፍላል። ማንም ከጣለው በላይ አይወስድም። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል፣ መዝገቡ በሁሉም ፊት ይነበባል። የአባሉ ቁጥር የታወቀ ነው፣ የሚያልቅበት ቀንም የታወቀ ነው። ሰው የቀረ እንደሆነ ቤቱ ይታወቃል።

እዚያኛው ዘንድ ግን ዳኛው የት እንዳለ አይታወቅም። መዝገብ የለም፣ ዋስ የለም፣ ማለቂያ የለውም። አዲስ ሰው ካልመጣም ወዲያው ይሞታል። እቁብ አዲስ ሰው ሳያስፈልገው ያልቃል። ይህችን ብቻ ብትይዙ ሁለቱን መለየት አያቅታችሁም።

እነሱ "እቁብ" የሚለውን ስም የሚወስዱት ለምን ይመስላችኋል? እርስ በርስ መተማመናችንን ስለሚፈልጉት ነው። ሰው የማያውቀውን ሰው አያምንም። እህቱን ግን ያምናል፣ የእድር ጓደኛውን ያምናል፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም በአንድ መስጊድ አብሮት የሚጸልየውን ያምናል። ስለዚህ ሌባው ራሱ አይመጣም፤ እኛን ነው የሚልከን። ነገሩ የፈረሰ ዕለትም ሌባው አይገኝም፤ የሚገኘው ያስገባችው ጎረቤት ናት። ገንዘቡ የእሷም ጠፍቷል፣ ግን በር ላይ የሚቆመው ሰው ሁሉ "ገንዘቤን" የሚለው እሷን ነው። በአንድ ድንኳን ሥር ለቅሶ ተቀምጠው የማይነጋገሩ ሰዎችን የሚያተርፍልን ይኸ ነገር ነው። ገንዘብ ቢጠፋ ተሠርቶ ይተካል። እንዲህ ያለ ቂም ግን በምን ይተካል?

በሌላውም አገር የሆነው

ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከ100 ዓመት በፊት በአሜሪካን አገር በቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1920 ዓ.ም. "በ45 ቀን ከመቶ 50 እከፍላለሁ" ብሎ ሕዝቡን ሰበሰበ። ምን ትነግዳለህ ቢሉት፣ በዓለም አቀፍ የፖስታ ኩፖን ነው የማተርፈው አለ። ኋላ ሲቆጠር፣ ለሰበሰበው ገንዘብ 160 ሚሊዮን ያህል ኩፖን ሊኖረው ይገባ ነበር፤ በዓለም ላይ የነበረው ግን ወደ 27,000 ገደማ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተያዘ። እስከ ዛሬ ይህ ዓይነቱ ማታለል በእሱ ስም ይጠራል።

አልባኒያ የምትባለውን የአውሮፓ አገር ደግሞ አስቡ። ከሦስት ሰው ሁለቱ ገንዘቡን እንዲህ ላሉ ድርጅቶች ሰጥቶ ነበር። ቤቱን የሸጠ አለ፣ ከብቱን የሸጠ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ፣ በእኛ በ1989 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ድርጅቶቹ ፈረሱ። ሕዝቡ ተነሣ፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ተዘረፈ፣ መንግሥት ወደቀ፣ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። በገንዘብ የተጀመረው በጥይት አለቀ ማለት ነው።

ወደ አፍሪካችን ስንመጣ፣ ኤም ኤም ኤም የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 በሩሲያ ፈርሶ ሚሊዮኖችን አክስሮ ሳለ፣ ያው ባለቤቱ በዚያው ስም ናይጄሪያ ገባ። የከፈተው ቃል በወር ከመቶ 30 ነበር። ልብ በሉ፣ ለእድራችን የቀረበው ቁጥር ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016፣ የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የሁሉንም ሒሳብ ዘጋ። የናይጄሪያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ኮርፖሬሽን 3 ሚሊዮን ሰዎች 18 ቢሊዮን ናይራ እንዳጡ ገልጿል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥም ዴሲ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ከ90 ሺህ በላይ ሰው አክስሯል፤ ብዙዎቹን ያገኛቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንም አልተረፉም ለማለት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ሦስት ሰዎች ተከሰዋል። በክሱ እንደተገለጸው 1,200 ከሚሆኑ ሰዎች ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል፤ ብዙዎቹ ከፋዮች አፍሪካውያን ስደተኞች ናቸው። ዋናው ሰው ራሱን ፓስተር ነኝ ይል ነበር። እንግዲህ ውጭ ያለ ዘመድ "ጥሩ ነገር አግኝቻለሁ፣ እናንተም ግቡ" ቢላችሁ፣ ዘመድ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። እሱም ተታሎ ይሆናል።

ሕጉ ምን ይላል?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከከለከላቸው ድርጊቶች አንዱ ይኸው ሰው በሰው ላይ የሚከመርበት ሽያጭ ነው። ሸማቹ ዕቃ ገዝቶ ወይም ገንዘብ አዋጥቶ፣ ከዚያ ባስገባቸው ሰዎች ቁጥር ልክ ሽልማት ታገኛለህ እየተባለ የሚሠራ ሥራ ክልክል ነው ይላል። በሐሰት ነገር ሰውን አሳስቶ ገንዘብ መውሰድ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 የአታላይነት ወንጀል ሆኖ ያስቀጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። "ንግድ ፈቃድ አላቸው፣ ማኅተም አላቸው፣ ቢሮአቸውም ትልቅ ፎቅ ላይ ነው" ይላል። ንግድ ፈቃድ ሰውዬው ማስታወቂያ እንዲሠራ ወይም ዕቃ እንዲያስመጣ የተሰጠው ሊሆን ይችላል። ከሕዝብ ገንዘብ በአደራ ለመቀበል ግን ከብሔራዊ ባንክ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። አክሲዮን ለሕዝብ ለመሸጥም በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያለበት ሥራ ነው። ስለዚህ "ፈቃድ አለህ ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "የምን ፈቃድ ነው ያለህ? ማን ሰጠህ?" በሉ። ወረቀቱን ይዛችሁም የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። እውነተኛ ከሆነ አይቆጣም።

ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቆርጣችሁ በየቤታችሁ ብትለጥፏቸው ጥሩ ነው።

1ኛ. ትርፉ ከምን ሥራ ነው የሚመጣው? ሥራውን ሄጄ በዓይኔ ላየው እችላለሁ?
2ኛ. ሰው ሳላስገባ ይከፈለኛል?
3ኛ. "በእርግጠኝነት፣ ያለ ኪሣራ" ይላሉ? ኪሣራ የሌለበት ንግድ የለም።
4ኛ. "ዛሬ ካልሆነ ነገ ይዘጋል" እያሉ ያጣድፉኛል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።
5ኛ. ገንዘቡ የሚገባው በድርጅት ሒሳብ ነው ወይስ በአንድ ግለሰብ ስምና ስልክ?
6ኛ. ለባለቤቴ፣ ለልጆቼ ወይም ለእድሩ ሽማግሌዎች አሳይቻለሁ? "ለማንም አትንገር" የሚል ንግድ ካለ እዚያው ተዉት።

አስቀድሞ የገባ ሰው ምን ያድርግ?

ከገባችሁ ደግሞ አትደብቁ። ሰው የሚጠፋው በመጀመሪያው ገንዘብ ሳይሆን፣ ያንን ለማስመለስ ብሎ በሚጨምረው ነው። አንዲት ብር አትጨምሩ። ሌላ ሰውም አታስገቡ፤ የራሳችሁን ለማውጣት ብላችሁ ጎረቤታችሁን አትክተቱ።

የባንክ ደረሰኙን፣ የቴሌብር መልእክቱን፣ የተጻጻፋችሁትንና ስልክ ቁጥሩን አታጥፉ። ልጆቻችሁ የስልኩን ገጽ ፎቶ እንዲያነሡላችሁ አድርጉ። ገንዘቡ የተላከው በባንክ ከሆነ በዚያው ቀን ባንኩ ዘንድ ሂዱ፤ በቴሌብር ከሆነ 127 ደውሉ። ቀጥላችሁ ለፖሊስ አመልክቱ፤ በስልክ 991 ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲያመለክት ይፈራል፣ ይሸማቀቃል። ስለዚህ በአንድ ድርጅት የተጎዳችሁ ካላችሁ ጽሕፈት ቤታችን ስማችሁን ይመዘግባል፣ አብራችሁ እንድታመለክቱ ያደርጋል፣ ማመልከቻም ይጽፍላችኋል። ገንዘብ እናስመልሳለን ብለን ግን ቃል አንገባም። "ከፈላችሁኝ የጠፋውን አስመልሳለሁ" የሚል ሰው ከመጣም ሁለተኛው ሌባ ነውና አትስሙት።

ስለ እድሩ ገንዘብ

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። የእድሩ ገንዘብ ለለቅሶ የተዋጣ ገንዘብ ነው። ማታ ጡሩንባ ቢነፋ፣ ጠዋት ሳጥኑ፣ ድንኳኑና የቀብሩ ወጪ መሸፈን አለበት። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ ይህ ገንዘብ በማንኛውም ሰዓት መገኘት ያለበት ገንዘብ ነው። እድገቱ ቢያንስም መኖሩ ይበልጣል። ባንክ ቢወድቅ እንኳ ለቆጣቢዎች የተቋቋመ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ። ለዚያኛው ግን ምንም የለም።

በዚህም መሠረት ኮሚቴው የወሰነውን ለጠቅላላው ስብሰባ አቅርበናል። የእድሩ ገንዘብ በባንክ በሦስት ፊርማ እንደተቀመጠ ይቆያል። አዳራሹ፣ ድንኳኑና የማኅበሩ ማኅተም ሰው በማስገባት ለሚሠራ ለማንኛውም ድርጅት አይሰጡም። በለቅሶ ቤት፣ በማኅበርና በእቁብ ላይ እንዲህ ያለውን ነገር ማስተዋወቅም ይከለከላል። ገንዘቡ ዋጋው እንዳይወርድ የሚያስብ አባል ደግሞ ሐሳቡ ይፈለጋል። ተጨማሪ ወንበር ገዝቶ ማከራየት፣ የሚያፈሰውን ድንኳን በአዲስ መተካት፣ የጊዜ ገደብ ባለው የባንክ ቁጠባ ማስቀመጥ የሚባሉ ሐሳቦች ቀርበዋል፤ በሚመጣው ወር እንነጋገርባቸዋለን።

ወገኖቻችን፤ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሳሩ መኖሩን እኛም አልካድንም፤ ሁሉም ሰው ርቦታል። ነገር ግን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቆማችሁ፣ "ትርፉ ከየት ይመጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ካጣችሁ፣ ትርፉ የሚመጣው ከሚቀጥለው ሰው ኪስ ነው። ያ ሰው ደግሞ ዛሬ እዚህ አጠገባችሁ ወንበር ላይ ተቀምጧል።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
አቃቂ ቃሊቲ